ካምፓሱ በ36 ቀን ተዘጋ፦ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ላይ ልጅ ለምታስመዘግቡ

ጥቁር ሰሌዳ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች ሲነሳ ጥያቄው ሁሌ ሁለት ነው፤ ክፍያው ስንት ነው፣ ዲግሪው ከዋናው ጋር እኩል ነው ወይ። ልጁ ከገባ በኋላ ካምፓሱ ቢዘጋስ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ቤተሰብ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ማወቅ አለበት። እኔ በሲንጋፖሩ መዘጋት ልጀምር፣ የምታውቁ ጨምሩበት። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአውስትራሊያው ኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ በ2004 በሲንጋፖር የኢኮኖሚ ልማት ቦርድ ተመርጦ በአገሪቱ ሁሉንም የትምህርት ዘርፍ የሚይዝ የመጀመሪያው የውጭ ዩኒቨርሲቲ እንዲከፍት ተወሰነ። ስሙ ዩኤንኤስደብሊው ኤዥያ ተባለ። ዕቅዱ ሲሞላ 15,000 ተማሪ የሚይዝ፣ ቻንጊ ላይ የራሱ ግቢ የሚኖረው ነበር። እስከዚያው ታንግሊን ላይ በጊዜያዊ ግቢ ሥራ ጀመረ። በ2007 መጀመሪያ ለከፈተው ሴሚስተር 300 ተማሪ ሲጠብቅ የገቡት 148 ናቸው። ሜይ 23 ቀን 2007 እንደሚዘጋ ተነገረ፤ የመጨረሻው ቀን ጁን 28 ነበር። በመሃል ያለው 36 ቀን ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹ ገና የመጀመሪያ ሴሚስተራቸውን አልጨረሱም።

ለምን ተማሪ አጣ? ክፍያው ሲድኒ ካለው ዋናው ግቢ ጋር ተቀራራቢ ነበር። የሲንጋፖር ልጅ በመንግሥት ድጎማ በጣም ባነሰ ዋጋ የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ወይም ናንያንግ መግባት ይችላል። የሌላ አገር ተማሪ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ከፍሎ ሲድኒ ሄዶ ዋናው ግቢ ውስጥ መማር ይችላል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ከሁለት በኩል ተነጠቀ። ወጪው ግን ተማሪ በመጣ ቁጥር የሚያድግ አልነበረም፤ መምህሩ ተቀጥሯል፣ ቤተ ሙከራው ተደራጅቷል፣ የግንባታው ዕቅድ ተይዟል። በዚህ ላይ ፕሮጀክቱን የጀመሩት መሪዎች ተቀይረው ውሳኔው የደረሰው በ2006 ሥራ በያዙት ፕሬዚዳንት በፍሬድ ሂልመር እጅ ነው። ተማሪዎቹ ወደ ሲድኒ እንዲዛወሩ ከስኮላርሺፕና ከጉዞ ድጋፍ ጋር ግብዣ ቀረበላቸው።

የእኔ አስተያየት፦ ውሳኔው ጨካኝ ነበር፣ ግን ከዚያ የባሰ ጭካኔ ነበረ። 148 ተማሪ አንድ በአንድ ስሙን ጠርቶ ማዛወር ይቻላል። ለሦስት ዓመት ጎትተው 2,000 ተማሪ ካስገቡ በኋላ ቢዘጉት ኖሮ ማን ያዛውራቸዋል?

ደጀ ሰላም 07

ስለ ዝርዝሩ እናመሰግናለን፤ በመጨረሻው አስተያየት ግን አልስማማም። ተማሪው ቁጥር አይደለም። ሲንጋፖርን የመረጠው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የመረጠው ለቤቱ ስለሚቀርብ፣ ኑሮው ስለሚገመት፣ ወይም ልጁን ወደ አውስትራሊያ መላክ ስላልፈለገ ነው። «ሲድኒ ና» ማለት የገዛውን ነገር መልሶ መስጠት አይደለም፤ ሌላ ዕቃ ነው የሚሰጠው። የትምህርት ክፍያው ቢሸፈን እንኳ የቤት ኪራይ፣ ምግብና የጤና መድን አለ። እሱን ስኮላርሺፑ ምን ያህል ይሸፍናል፣ እስከ መቼስ ነው የሚሸፍነው? ጥያቄው መሆን ያለበት ይህ ነው።

ቅርንጫፍ ከመክፈት በፊት ስንት ተማሪ ካልመጣ እንደሚዘጋ ዩኒቨርሲቲው በውስጥ ያውቃል። ያንን ቁጥር ለሚመዘገበው ተማሪም መናገር ነበረበት።

ሒሳብ ሹም

ሁለታችሁም የተማሪውን ቁጥር ይዛችኋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጉድለቱን ማን እንደሚሸፍን ነው። ቅርንጫፍ ካምፓስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻውን ቆሞ አይሄድም። አንድ ሰው ይደግፈዋል፤ ወይ ዋናው ዩኒቨርሲቲ፣ ወይ የአስተናጋጁ አገር መንግሥት፣ ወይ የግል ባለሀብት። መዘጋቱም የሚመጣው በዚያው በኩል ነው።

የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ግዛት በሆነችው ራስ አል ኸይማ የነበረው የአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ለዚህ ምሳሌ ነው። በ2005 ተከፈተ። በ2009 የአካባቢው ደጋፊ ድጎማውን ሊቀንስና የአመራሩን አወቃቀር ሊቀይር ሲፈልግ ቨርጂኒያ ያለው ዋናው ዩኒቨርሲቲ አልተቀበለም፤ አንድም ተማሪ ሳያስመርቅ ተዘጋ። እዚያ ተማሪ ነበረ፤ ገንዘቡን ይሰጥ የነበረው እጁን ሰበሰበ እንጂ። ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሚሺጋን ስቴት ዱባይ ላይ በ2008 ከፍቶ በ2010 የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞቹን ሲያቆም ደግሞ ዋናው ችግር የተማሪ ማነስና ኪሳራ ነበር። ሁለቱ በአንድ አገር፣ በአንድ ሰሞን የሆኑ ናቸው፤ ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነው።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፦ ካምፓሱ ዋናው ዩኒቨርሲቲ ሙሉ በሙሉ የያዘው ነው ወይስ ከአጋር ጋር የተቋቋመ? ከአስተናጋጁ ጋር ያለው ውል መቼ ያበቃል? ልጃችሁ የሚመረቅበት ዓመት ከውሉ ማብቂያ በኋላ ከሆነ ያ ብቻ ትልቅ ምልክት ነው። መልሱ በስልክ ከሆነ እንዳልተመለሰ ቁጠሩት።

መዝገብ ቤት

ከመመዝገብ በፊት ያለውን ለእናንተ ልተወው። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ላተኩር፤ ብዙ ተማሪ የሚጎዳው እዚያ ነው። ሁሉም ሰው ስብሰባ ይሄዳል፣ ያዝናል፣ ይከራከራል፤ ወረቀቱን የሚሰበስብ የለም። ሬጅስትራር ቢሮ ያሉት ሠራተኞችም ሥራ ፈላጊ ሆነዋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የምታውቋት ሠራተኛ እዚያ ወንበር ላይ ላትኖር ትችላለች።

የሚያስፈልጋችሁ፦ የታሸገ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ቢያንስ 5 ኮፒ፤ ያልተጠናቀቀ ሴሚስተር ካለ በዚህ ሰዓት የተመዘገባችሁባቸውን ኮርሶች የሚገልጽ ደብዳቤ፤ የመግቢያ ደብዳቤው፤ የወሰዳችሁት የእያንዳንዱ ኮርስ አውትላይን፤ የክፍያ ደረሰኞች በሙሉ፤ ትምህርቱ የተሰጠበትን ቋንቋና ቦታ የሚገልጽ ደብዳቤ። የመጨረሻውን ማንም አያስታውሰውም። በኋላ ዲግሪው ላይ «ሲድኒ» ተጽፎ ፓስፖርቱ ላይ የሲንጋፖር ማኅተም ብቻ ሲገኝ ይህ ደብዳቤ ነው የሚያድነው።

አሁን ትራንስክሪፕቱን ቀረብ ብለን እንየው። የኒው ሳውዝ ዌልስ ትራንስክሪፕት ላይ አንድ መደበኛ ኮርስ 6 ዩኒት ነው። በያኔው የሴሚስተር አቆጣጠር ሙሉ ሴሚስተር 24፣ ሙሉ ዓመት 48። ተቀባዩ ሬጅስትራር «6» ሲያይ የክሬዲት ሰዓት ነው ብሎ ካሰበ ይስታል። የአሜሪካ ሥርዓት በዓመት 30 ክሬዲት ነው፤ ስለዚህ 6 ዩኒት ማለት 3.75 ክሬዲት ነው። ኢሲቲኤስ በሚባለው የአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር ዓመቱ 60 ስለሆነ ያው 6 ዩኒት 7.5 ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ተቀባዩ ጋ ካልኩለስ 4 ክሬዲት ከሆነ ነው። የእናንተ 3.75 ስለማይሞላው ወይ 3 አድርገው ይቆርጡታል፣ ወይ «ቤተ ሙከራው የለበትም» ብለው አንድ ተጨማሪ ኮርስ ያስወስዷችኋል። አራት ኮርስ ላይ እንዲህ ከተቆረጠ ከ15 ክሬዲት የሚቀራችሁ 12 ነው፤ አንድ ሙሉ ኮርስ ሄደ ማለት ነው።

ውጤቱም እንደዚሁ። እዚያ 85 እና ከዚያ በላይ ሃይ ዲስቲንክሽን ነው፣ ከ75 ዲስቲንክሽን፣ ከ65 ክሬዲት፣ ከ50 ፓስ። 68 ያገኘ ተማሪ ጥሩ ተማሪ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ የአሜሪካ ኮሌጅ ግን 68ን በዲ ያነበዋል፤ ብዙ ኮሌጅ ደግሞ ከሲ በታች ያለ ኮርስ አያዛውርም። «ክሬዲት» የሚለውን ቃልም ውጤት ሳይሆን «ያለ ውጤት ያለፈ» አድርጎ የሚወስድ አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በትራንስክሪፕቱ ጀርባ ያለው የውጤት መግለጫ ገጽ አብሮ መታተሙን ቆማችሁ አረጋግጡ። የፊት ገጹ ብቻ ስካን ተደርጎ ከተላከ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ሰሚራ ከሻርጃ

መዝገብ ቤት፣ በጣም ጠቃሚ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኮርስ አውትላይኑን ከዩኒቨርሲቲው ፖርታል ላይ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ይበቃል ወይ?

መዝገብ ቤት

አይበቃም እህቴ። ስክሪንሾት ማን እንዳወጣው፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ አይናገርም። ፋይሉን በፒዲኤፍ አውርዱት። ውስጡ የኮርስ ኮድ፣ ሴሚስተርና ዓመት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ሌክቸር ስንት ሰዓት ላብ እንዳለ፣ የየሳምንቱ ርዕስ፣ የመማሪያ መጽሐፉ ስምና እትም፣ የፈተናና የአሳይመንት ክብደት መኖሩን እዩ። የጎደለው ካለ መምህሩን በኢሜይል ጠይቁት፤ መልሱ ራሱ ማስረጃ ነው። ከዚያ አንድ ኮፒ አትማችሁ ትምህርት ክፍሉ ማኅተም ያድርግበት።

ሌላው የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ነው። ምዝገባችሁ ሲቋረጥ አካውንቱ ይዘጋል። ከዲኑ የመጣ ቃል ኪዳን፣ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ፣ የክፍያ ልውውጥ፣ ሁሉንም ዛሬውኑ ወደ ግል ኢሜይላችሁ አስተላልፉ። ከአንድ ወር በኋላ «ተጽፎልኝ ነበር» ብላችሁ ማሳየት ካልቻላችሁ አልተጻፈላችሁም።

የዶሃው

ቪዛውን ላንሳ፤ ሰው ወረቀቱን ጨርሶ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሲንጋፖር ውስጥ የተማሪ ፓስ የተሰጠው ለዚያ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርቱ ሲቋረጥ ፓሱ በ7 ቀን ውስጥ መሰረዝ አለበት። ስለዚህ ካምፓሱ የሚዘጋበት ቀንና የእናንተ ምዝገባ የሚቋረጥበት ቀን አንድ መሆኑን ጠይቁ፤ የሚቆጠረው የምዝገባችሁ ቀን ነው። ሌላ ትምህርት ቤት ከገባችሁ አዲስ ማመልከቻ ነው፣ የድሮው ፓስ አብሯችሁ አይሄድም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁለት ዓይነት ተማሪ አለ። አንዱ በወላጁ ሥር ነዋሪ የሆነ ነው፤ ካምፓሱ ቢዘጋ መኖሪያ ፈቃዱ አይነካም፣ ጊዜ አለው። እዚህ ተወልደው ያደጉ የእኛ ልጆች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሌላው ስፖንሰሩ ዩኒቨርሲቲው የሆነ ነው። እሱ ፈቃዱ ከተሰረዘ የእፎይታ ቀኑ መቁጠር ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ አዲስ ስፖንሰር፣ ከዚያ የዝውውር ማመልከቻ፣ የድሮው መሰረዝ መጨረሻ ላይ። ቢሮው «ፎርሙን ፈርሙ፣ እኛ እንጨርሳለን» ሲል ፎርሙ የመሰረዣ ይሁን የማዛወሪያ አንብባችሁ ፈርሙ። ወንዶች ልጆች ዕድሜያቸው ከፍ ሲል በአባት ሥር ለመቆየት እንደ አገሩ የተማሪነት ደብዳቤ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ በሁለት ዩኒቨርሲቲ መሃል የቀረ ልጅ ያ ደብዳቤ የለውም። እድሳቱ የደረሰበት ወላጅ ካምፓሱ ሳይዘጋ የተማሪነት ደብዳቤውን አውጥቶ ያድስ።

ወደ አውስትራሊያ የሚዛወር ደግሞ የምዝገባ ማረጋገጫ፣ የገንዘብ ማስረጃና ለመላው ቆይታ የሚሆን የውጭ ተማሪ የጤና መድን ያስፈልገዋል። የዩኤንኤስደብሊው ኤዥያ ተማሪዎች በጁን መጨረሻ ካምፓሳቸው ሲዘጋ የሲድኒው ሁለተኛ ሴሚስተር የሚጀምረው በጁላይ ነበር። አንድ ወር እንኳ አይሞላም። የገንዘብ ማስረጃውን አስቀድሞ ያላዘጋጀ ቤተሰብ ግብዣው በእጁ እያለ ሴሚስተሩ ያመልጠዋል።

ደጀ ሰላም 07

የዶሃው፣ ያልኩትም ይህንኑ ነው። ግብዣ ተደረገ ማለትና ተማሪው ደረሰ ማለት አንድ አይደለም።

ጥቁር ሰሌዳ

ደጀ ሰላም፣ ልክ ነህ፤ ቅርበትን ከፍሎ የገዛ ሰው ርቀት ተሰጠው። ያ ካሳ ሳይሆን ምትክ ነው። ቢሆንም ፈጥኖ መዝጋትን ከቀስታ መዝጋት ጋር ሳናወዳድር አንፍረድ። ስለ ቀስታው የሚያውቅ አለ?

አራተኛ ዓመት

አለ። ስሙ ቲች አውት ይባላል፦ አዲስ ተማሪ መቀበል ይቆማል፣ የገቡት ተምረው እስኪጨርሱ ካምፓሱ ይቆያል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጥበብ ትምህርት ቤት ቅርንጫፍ የነበረው ቲሽ ኤዥያ ሲንጋፖር ላይ በ2007 ተከፍቶ በ2012 አዲስ ተማሪ አልቀበልም አለ፣ በ2015 ተዘጋ። የአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ከሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመሠረተው ኮሌጅ ኦገስት 27 ቀን 2021 እንደሚዘጋ ተነገረ፤ የዚያ ዓመት ገቢዎች የመጨረሻዎቹ ሆነው በ2025 ጨረሱ። ዶሃ ኤዱኬሽን ሲቲ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ ምህንድስና የሚያስተምረው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ደግሞ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2024 በቴክሳስ ያለው የበላይ አስተዳዳሪው የሬጀንቶች ቦርድ 7 ለ 1 ድምፅ ሰጥቶ እስከ 2028 እንዲዘጋ ወስኗል። ዜናው በሦስቱም ድንገተኛ ነው፤ ልዩነቱ ለተማሪው የቀረው ጊዜ ነው።

ግን ቲች አውት ሲባል ሁሉ ነገር እንደነበረ ይቀጥላል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚሄዱት መምህራን ናቸው፤ ሌላ ቦታ ሥራ ያገኘ መምህር የመጨረሻውን ዓመት አይጠብቅም። ቀጥሎ የምርጫ ኮርሶች ይጠፋሉ። ከታች የሚመጣ ተማሪ ስለሌለ እያንዳንዱ ኮርስ የሚሰጠው ለመጨረሻ ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ኤፍ ማለት እንደ ወትሮው «በሚቀጥለው ዓመት እደግመዋለሁ» አይደለም፤ የሚደገም ክፍል የለም። ቴርሞዳይናሚክስ ላይ የወደቀ ልጅ ቀጥሎ ሂት ትራንስፈር አይወስድም፣ ከዚያ የመጨረሻ ዓመት ዲዛይን ፕሮጀክቱ ይዘጋበታል። አንዱ ኮርስ ሦስቱን ይዞ ይወርዳል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ውሰዱ፣ የቀሩትን ኮርሶች በሙሉ ከነቅድመ ሁኔታቸው ጻፉ፣ በየትኛው ሴሚስተር ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚሰጡ ከትምህርት ክፍሉ ጠይቃችሁ ከጎናቸው ጻፉ። ሌላ ኮርስ የሚከፍቱትን ማለትም ቅድመ ሁኔታ የሆኑትን አስቀድሙ፤ የጠቅላላ ትምህርት ኮርሶችን ወደ ኋላ ተዉ፣ እነሱ የትም ይገኛሉ። ወረቀቱን አማካሪያችሁ ይፈርምበት።

አንድ የቃል ልዩነትም ልብ በሉ። በአሜሪካ ዕውቅና ሰጪዎች ዘንድ የቲች አውት ዕቅድና የቲች አውት ስምምነት ሁለት ነገር ናቸው። ዕቅድ ዩኒቨርሲቲው ራሱ «እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ የሚጽፈው ነው። ስምምነት ከሌላ ተቋም ጋር የተፈረመ፣ ያ ተቋም ተማሪዎቹን ሊያስጨርስ የተስማማበት ውል ነው። ስብሰባ ላይ የትኛው እንዳለ ጠይቁ።

ጥቁር ሰሌዳ

ይህን ስሰማ ሲድኒ መሄድም ይሻላል ያሰኛል። የሚከራከር ይምጣ።

ሒሳብ ሹም

አይሻልም አይባልም፤ በቀረው ክሬዲት ይወሰናል። አንድ ሴሚስተር የተማረ ልጅ የሦስት ዓመት ዲግሪ ከሚጠይቀው 144 ዩኒት ገና 24 ነው የያዘው። እሱ ለየትኛውም ዩኒቨርሲቲ እንደ አዲስ ቢያመለክት ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ወደ ዋናው ካምፓስ ሄዶ ውድ ኑሮ ውስጥ ለመግባት የሚያስገድደው ነገር የለም። ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ግን ሌላ ቦታ ከሄደ ይቆረጥበታል። ሳክስኮክ የሚባለው የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ዕውቅና ሰጪ፣ ጆርጅ ሜሰንም ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምም በሱ ሥር ናቸው፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 25 በመቶው ክሬዲት ዲግሪውን በሚሰጠው ተቋም መወሰድ አለበት ይላል። ከ120 ክሬዲት 30 ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከዚያ በላይ ሊጠይቅም ይችላል። 105 ክሬዲት የያዘ ተማሪ 15 ቀረኝ ብሎ ሌላ ቦታ ሲሄድ ቢያንስ ሁለት ሴሚስተር ይማራል። ለሱ ዋናው ካምፓስ ርካሹ መንገድ ነው፣ አውሮፕላኑን ጨምሮ።

ኢንጂነሪንግ ከሆነ ደግሞ አቤት (ABET) የሚባለው የአሜሪካ የምህንድስና ፕሮግራሞች ዕውቅና ሰጪ ዕውቅናውን የሚሰጠው ለፕሮግራሙና ለቦታው ነው። ዋናው ካምፓስ አለው ማለት ቅርንጫፉ አለው ማለት አይደለም። የሁለቱንም ለየብቻ አረጋግጡ።

ስለ ገንዘብ መመለስም አንድ ነገር ልበል። አውስትራሊያ የውጭ ተማሪዎችን የሚጠብቅ የ2000 ሕግ አላት፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪው ሌላ ቦታ እንዲገባ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ያደርጋል። ያ ሕግ ግን በተማሪ ቪዛ አውስትራሊያ ውስጥ ለሚማር ነው። ሲንጋፖር ያለ ቅርንጫፍ ላይ የሚማረው አብሮ አይሸፈንም፣ የዩኒቨርሲቲው ስም አንድ ቢሆንም። ሲንጋፖርም በበኩሏ የግል ትምህርት ሕጓን ያወጣችው በ2009 ነው፤ ዛሬ የውጭ ተማሪ የሚቀበሉ የግል ተቋማት ክፍያውን በመድን ወይም በተለየ ሒሳብ እንዲያስጠብቁ ይጠየቃሉ። ስለዚህ የምትጠይቁት የምትማሩበትን አገር ሕግ ነው። ተመላሽ ስትጠይቁ የትምህርት ክፍያውን፣ የዶርሙን፣ የቀጣዩን ሴሚስተር ዲፖዚትና የጤና መድኑን ለየብቻ ዘርዝሩ። በአንድ ድምር የቀረበ ጥያቄ አንዱ ሲከለከል ሁሉም ይቆማል።

ብዙአየሁ ከ4 ኪሎ

ወደ አገር ቤት የሚመለሱትን አትርሱ። በውጭ የተገኘ ዲግሪ ኢትዮጵያ ውስጥ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። እዚያ መስኮት ላይ ከሁለት አገር የተወሰደ ትምህርት ጥያቄ ያስነሳል። ዲግሪው አንድ ነው፣ ቅርንጫፉ ደግሞ የለም፤ ድረ ገጹም ጠፍቷል። ስለዚህ ዲግሪው ላይ ካለው ትራንስክሪፕት በተጨማሪ የመጀመሪያውን ካምፓስ ትራንስክሪፕት ለብቻው ያዙ፤ የዝውውር ደብዳቤውን፤ የ12ኛ ክፍል ማስረጃውን፤ የፓስፖርቱን የቪዛና የመግቢያ መውጫ ማኅተም ገጾች። አዲስ ፓስፖርት ያወጣ ሰው የድሮውን አይጣል።

ማረጋገጫው የሚጀምረው ሰነዱን ካወጣው አገር ነው። ዲግሪውን ሲድኒ ካወጣው መነሻው አውስትራሊያ ነው፤ ትራንስክሪፕቱን ሲንጋፖር ያለው ቢሮ ካወጣው ደግሞ መነሻው ሲንጋፖር ይሆናል፣ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ማን ያረጋግጠዋል? ለዚህ ነው ካምፓሱ ሳይዘጋ ትራንስክሪፕቱን ዋናው ሬጅስትራር በራሱ ስምና ማኅተም እንዲያወጣው መጠየቅ ያለባችሁ። ከዚያ በዚያ አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ አዲስ አበባ ላይ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አንዱ ማኅተም ከጎደለ ከመጀመሪያው ይመለሳል።

ሰሚራ ከሻርጃ

በሕግ የሚዘጋስ? ዩኒቨርሲቲው ሳይፈልግ መንግሥት ሲዘጋው ተማሪው ምን ይሆናል?

አራተኛ ዓመት

ሴንትራል ዩሮፒያን ዩኒቨርሲቲ እንደዚያ ነው የደረሰበት። የሃንጋሪ ፓርላማ በኤፕሪል 2017 የውጭ ዕውቅና ያላቸውን ዩኒቨርሲቲዎች የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ ዩኒቨርሲቲው በዲሴምበር 2018 የአሜሪካ ዲግሪ የሚሰጡ ፕሮግራሞቹን ከቡዳፔስት ወደ ቪየና እንደሚያዛውር አስታወቀ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሕጉ የኅብረቱን ሕግ ይጥሳል ብሎ የፈረደው በኦክቶበር 2020 ነው። ዩኒቨርሲቲው ያን ጊዜ ሄዷል። ፍርድ ቢገኝም ለተማሪው ሴሚስተር አይደርስም፤ ስለዚህ ክስ ተጀመረ ብላችሁ ማመልከቻ ከመላክ አትዘግዩ።

ሰሚራ ከሻርጃ

የመጨረሻ ጥያቄ ነው፣ አትሰልቹኝ። የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ብቻ የቀረው፣ ወደ ዋናው ካምፓስ ቪዛ ያላገኘ ልጅ ዕድሉ አለቀ ማለት ነው?

መዝገብ ቤት

አላለቀም። ዲግሪውን የሚሰጠው ዋናው ዩኒቨርሲቲ እስካለ ድረስ ተማሪው ሌላ ቦታ ተምሮ ክሬዲቱን ወደዚያው መላክ ይችላል። በዝውውር ሳይሆን በጊዜያዊ ወይም ዲግሪ በማይፈልግ ተማሪነት ባለበት አገር ዕውቅና ያለው ዩኒቨርሲቲ ይመዘገባል፣ የቀሩትን 4 ወይም 5 ኮርሶች ይወስዳል፣ ውጤቱ ወደ ዋናው ሬጅስትራር ይላካል፣ ዲግሪው ከዚያ ይወጣል።

ሦስት ነገር ግን ከመመዝገቡ በፊት በጽሑፍ ይያዝ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ኮርስ በየትኛው የዋናው ካምፓስ ኮርስ ምትክ እንደሚቆጠር በኮድ ተጽፎ ከዲኑ ቢሮ ይፈረም፤ «ተመሳሳይ ኮርስ ይቆጠራል» የሚል ደብዳቤ አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻዎቹ 30 ክሬዲቶች እኔ ጋ ይወሰዱ የሚል የራሱ ደንብ አለው፤ ከዚያ ደንብ ነፃ መደረጉን የሚገልጽ ወረቀት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ የሚፈለገው ዝቅተኛ ውጤት ሲ ይሁን ሲ ማይነስ ይለይ። ፎርሙን የሚፈርመው ሰው የቅርንጫፉ ሠራተኛ ከሆነ የዋናው ካምፓስ ሬጅስትራርም በኢሜይል ያጽድቀው፤ የቅርንጫፉ ፊርማ ካምፓሱ ከተዘጋ በኋላ የሚመልስለት ሰው የለም።